ዲስኩ አልጠፋም፣ ፊደሉ ነው የተቀየረው

የቤታችሁ ፎቶ የት ነው ያለው? ሳሎን ጠረጴዛ ሥር ያለውን፣ ላስቲኩ ፎቶውን ይዞ አልላቀቅ ያለውን አልበም አይደለም የምጠይቃችሁ። ካለፉት አሥር አሥራ አምስት ዓመታት ወዲህ የተነሣችሁትን ነው። የልጆቹ ልደት፣ ክርስትናው፣ ሠርጉ፣ ምርቃቱ። መጀመሪያ ስልክ ላይ ነበር። ስልኩ ሲሞላ ወደ ላፕቶፕ ተገለበጠ። ላፕቶፑም ሲሞላ አንድ ጥቁር ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ተገዛ። እሱም ይኸው ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከፓስፖርቱና ከቤቱ ካርታ ጎን፣ በአሮጌ ካልሲ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ስለዚያ ጥቁር ዕቃ ነው፤ በተለይም ኮምፒውተራችሁ ስለሚሰጠው ፊደልና ቁጥር። ርዕሱ ደረቅ እንደሚመስል አውቃለሁ። እኔም የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም፤ ቢዝነስ ተምሬ ማርኬቲንግ ላይ የምሠራ ሰው ነኝ። ነገር ግን ሥራዬ ከባነር፣ ከብሮሹርና ከቪዲዮ ጋር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ዲስክ ስነቅልና ስሰካ ነው የምውለው። በዚህ መሐል ያስተዋልኩት አንድ ነገር አለ። «ዲስኩ ጠፋ»፣ «ፋይሉ ጠፋ» ተብሎ ቢሮ ሲተራመስ ካየኋቸው ጊዜያት በብዙዎቹ ምንም የጠፋ ነገር አልነበረም። ፊደሉ ነበር የተቀየረው።

እኛ ቤት የሆነውን ላጫውታችሁ። የአባቴ ወገን መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። የእናቴ ደግሞ መርሐቤቴ፣ ዓለም ከተማ። የአባቴን እናት «እማማ» ነበር የምንላት። ከማረፏ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ አጎቴ ድምፅዋን በስልኩ ቀድቶ ነበር፤ አርባ ደቂቃ ያህል ነው። ስለ ልጅነቷ፣ ስለ በግ ጥበቃ፣ ለባናና ለበርኖስ ሱፍ ስለ መፍተል፣ ስለ ብርዱ ታወራለች። ወደ መጨረሻው ላይ አጎቴ «እማዬ፣ እስኪ ቁጠሪልን» ይላታል። እሷም ከአባቷ ጀምራ ወደ ላይ፣ ስም በስም ትቆጥራለች። አትቸኩልም። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ትንሽ ቆም ትልና «ቆይ» ብላ ትቀጥላለች።

መንዝን ለማያውቅ ሰው ይህ ቆጠራ የሽማግሌ ጨዋታ ሊመስለው ይችላል። መሬት ርስት በነበረበት ዘመን ግን አንድ ሰው ድርሻ የሚያገኘው መጀመሪያ መሬቱን ወደ ያዘው አባት በእናቱም ሆነ በአባቱ በኩል ቆጥሮ ሲደርስ ነበር። ስም መርሳት እርሻ ማጣት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ቆጠራው ለመሬት መጠየቂያ መሆኑ ቀረ፤ ከእማማ ዘመን ሰዎች አፍ ግን አልጠፋም። ከእኛ ቤት ሙሉውን የሚያውቀው የመጨረሻ ሰው እሷ ነበረች። እንግዲህ ያ ቅጂ ለእኛ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

ቅጂው ከቤተሰቡ ፎቶ ጋር አንድ ዲስክ ላይ ገባ። ለሙት ዓመቷ የአጎቴ ልጅ ቪዲዮ ሠራላት፤ ፎቶዎቹ እየተቀያየሩ ከበስተጀርባ ድምፅዋ የሚሰማበት። በራሱ ላፕቶፕ ሲሠራ ከረመና የቀረውን እኛ ቤት እንድንጨርስ ፕሮጀክቱን በፍላሽ፣ ዲስኩን በእጁ ይዞ መጣ። ዲስኩን ሰካ፣ ፕሮግራሙን ከፈተ፣ ስክሪኑ በሙሉ ቀይ ሆነ። በእያንዳንዱ ፎቶ ቦታ «ፋይሉ አልተገኘም»፤ በድምፅዋም ቦታ እንደዚያው። ወደ መሐል ሜዳ የምንሄደው ከነገ ወዲያ ነው።

ሰፈር ውስጥ ወዳለ አንድ ጥገና ቤት ወሰድነው። ልጁ ሰካ፣ ፕሮጀክቱን አየና ብዙም ሳያስብ «ዲስኩ ተበላሽቷል፣ ፎርማት መደረግ አለበት» አለን። አባቴ ኮምፒውተር አይነካም። ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየና «ፎርማት ሲሆን እናቴስ?» ብሎ ጠየቀ። ልጁ መልስ አልነበረውም። ዲስካችንን ይዘን ወጣን።

ማታ ቁጭ ብለን ስናየው ነገሩ ይህ ነበር። በአጎቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ዲስኩ ሲሰካ የሚሰጠው ፊደል «ኢ» ነው። የእኛ ኮምፒውተር ላይ ግን «ዲ» የውስጡ ሃርድ ዲስክ ሁለተኛ ክፍል፣ «ኢ» ደግሞ የሲዲ ማጫወቻው ስለሆኑ ዲስኩ «ኤፍ» ተብሏል። የቪዲዮ ፕሮግራሙ ፎቶዎቹን በውስጡ አልያዛቸውም፤ የሚያውቀው አድራሻቸውን ብቻ ነው፤ «ኢ፣ ከዚያ ፎቶ የሚለው ፎልደር፣ ከዚያ እማማ»። ሄዶ የኢን በር አንኳኳ። ያገኘው ባዶ የሲዲ ማጫወቻ ነው። የሲዲ ማጫወቻውን ወደ «አር» አዛወርነው፣ ለዲስኩ «ኢ»ን ሰጠነው፤ ቀዩ ሁሉ ጠፋ። ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም።

ይህን ስል ፊደሉ ምን እንደሆነ ካወቅን ማለቴ ነው። ፊደሉ የዲስኩ ስም አይደለም። የተቀመጠበት ወንበር ነው። ዊንዶውስ አዲስ እንግዳ ሲመጣ ባዶ ያገኘውን የመጀመሪያ ወንበር ይሰጠዋል። ሌላ ፍላሽ ቀድሞ ተቀምጦ ከሆነ የእናንተ ዲስክ ቀጣዩ ላይ ይቀመጣል። ሰውዬው ግን ያው ነው፤ ኪሱ ውስጥ ያለውም አልተነካም።

ልጆቻችሁ «ለምንድን ነው ከሲ የሚጀምረው? ኤ እና ቢ የት ሄዱ?» ብለው ጠይቀዋችሁ ከሆነ መልሱ ይኸው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ፒሲውን ሲያወጣ ኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስክ አልነበረውም። የሚሠራው በፍሎፒ ነበር፤ የመጀመሪያው ፍሎፒ «ኤ»፣ ሁለተኛው «ቢ»። በ1983 ሃርድ ዲስክ ያለው ሞዴል ሲመጣ ሁለቱ ወንበሮች ተይዘው ስለነበር «ሲ» ደረሰው። ፍሎፒው ከገበያ ከወጣ ቆየ። ዛሬ ልጆች የሚያውቁት ሴቭ ማድረጊያ ምልክት ሆኖ ብቻ ነው። ወንበሮቹ ግን እስካሁን ባዷቸውን ይጠብቁታል።

ከፊደሉ ሌላ ቁጥርም አለ። ኮምፒውተሩ ዲስኮቹን ሲቆጥር ከዜሮ ነው የሚነሣው፤ ዲስክ 0፣ ዲስክ 1፣ ዲስክ 2። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፤ እኛ ከ፩ ነው የምንጀምረው። ቢሆንም አቆጣጠር ከየት እንደሚጀመር የስምምነት ጉዳይ መሆኑን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም። ሌላው ዓለም ሰባት ሰዓት የሚለውን ጠዋት አንድ ሰዓት ብለን፣ ዓመቱንም በሰባትና በስምንት ወደ ኋላ ቆጥረን እንኖር የለ? ፀሐይዋ ያችው ናት።

ቁጥር መቀያየርም ለእኛ እንግዳ አይደለም። በ1984 ዓ.ም. አገሪቱ በቁጥር ስትከፋፈል አማራ «ክልል 3»፣ አዲስ አበባ «ክልል 14» ተብለው እንደነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ ከፍተኛና ቀበሌ ስንት ጊዜ ቁጥራቸው እንደተለወጠ እናንተው ታውቁታላችሁ። መታወቂያው ላይ የቤት ቁጥር በሚለው ቦታ «አዲስ» ተብሎ የተጻፈለት ሰው እኮ ጥቂት አይደለም፤ ቤቱ ሠላሳ ዓመት የሞላው ቢሆንም። አባቴ ስለ አገሩ ሲያወራ «ክልል 3» ብሎ አያውቅም። ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር ነው የሚለው። የመንዝ ሦስት ክፍሎች ናቸው። «መንዝና ግሼ አውራጃ» የሚለው የመንግሥት አጠራር ቀርቶ ሰሜን ሸዋ ዞን ሲመጣ፣ አውራጃው ወደ ወረዳዎች ሲከፋፈል፣ እነዚያ ስሞች አብረው ተሻገሩ። ዛሬም የወረዳ ስም ናቸው።

ዲስካችሁም እንዲህ ያለ ስም ቢኖረው ነው የሚበጀው። አሠራሩን ልንገራችሁ።

ዲስኩን ሰክታችሁ ከታች ባለው የዊንዶውስ ምልክት ላይ በማውሱ ቀኝ ጫን በሉና «ዲስክ ማኔጅመንት» የሚለውን ክፈቱ። ያሉት ዲስኮች በሙሉ ከታች በሳጥን በሳጥን ሆነው ይታያሉ። የራሳችሁን ዲስክ ሳጥን ፈልጉ። በፊደሉ አትፈልጉት፤ በመጠኑ ፈልጉት። አንድ ቴራ ተብሎ የተገዛ ዲስክ እዚህ 931 ጊጋ ብሎ ነው የሚታየው። ሻጩ አልሰረቃችሁም፤ ፋብሪካው በ1000 ሲቆጥር ዊንዶውስ በ1024 ስለሚቆጥር ነው። (ካርቶኑ ላይ ለምን ትልቁ ቁጥር እንደሚጻፍ የማርኬቲንግ ሰው አትጠይቁ።) ሳጥኑ ላይ እንደገና ቀኝ ጫን አድርጋችሁ «ቼንጅ ድራይቭ ሌተር ኤንድ ፓዝስ»፣ ከዚያ «ቼንጅ»፣ ከዚያ የምትፈልጉትን ፊደል መርጣችሁ «ኦኬ»። በዚህ ፊደል የሚሠሩ ፕሮግራሞች ሊደናገሩ ይችላሉ የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ዲስኩ የፎቶ ማስቀመጫ ከሆነ «የስ» ብትሉ ችግር የለውም። አንድም ፋይል አይነካም።

ፊደሉን ከራቅ ያለ ቦታ ምረጡ። ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ መግቢያ በር ላይ እንዳሉ ወንበሮች ናቸው፤ የመጣ ፍላሽ ሁሉ ይቀመጥባቸዋል። እኛ «ኤም»ን መረጥን፣ ለመንዝ ብለን። ኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላ ዲስኩን ያስታውሰዋል፤ ነቅላችሁ ከወር በኋላ ብትመልሱትም ቦታውን አይስትም። ይህ ትዝታ ግን ያለው በዚያ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ የአጎቴ ልጅም በእሱ ላፕቶፕ ላይ «ኤም» አደረገው። አሁን ፕሮጀክቱ የትኛውም ቤት ቢከፈት አድራሻው አንድ ነው።

«ሲ»ን አትንኩት፤ ዊንዶውስ ራሱ የተቀመጠበት ነውና ልንካ ብትሉም እሺ አይላችሁም። ሌሎቹ ግን እሺ ስለሚሉ ነው የሚያስፈሩት። ዲስክ ስትሰኩ «ፎርማት ይደረግ?» ወይም «ኢኒሻላይዝ ይደረግ?» የሚል ጥያቄ ሊመጣ ይችላል። ኮምፒውተሩ ዲስኩን ማንበብ ሲያቅተው ነው እንዲህ የሚለው። ማንበብ አለመቻል ደግሞ ባዶ መሆን ማለት አይደለም። ማክ ላይ ብቻ እንዲነበብ ሆኖ የተዘጋጀ ዲስክ ዊንዶውስ ላይ ሲሰካ ይህ ጥያቄ ይመጣል። የላላ ገመድም ሊያመጣው ይችላል። «ካንስል» በሉ፣ ገመዱን ቀይሩ፣ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሞክሩ፤ ከዚያ በኋላ ነው ባለሙያ የሚፈለገው።

ቁጥሩን በተመለከተ፣ ዲስክ 0 እና ዲስክ 1 የሚለውን እንደ ፊደሉ በቀላሉ መቀየር አይቻልም። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዲስኮቹን ባገኘበት ቅደም ተከተል የሚሰጠው ነው፤ ዛሬ 1 የነበረው ነገ 2 ሊሆን ይችላል። ሊኑክስ የሚጠቀሙ ጓደኞቼም በዚህ ይቸገራሉ፤ እዚያ ዲስኮቹ ኤስዲኤ፣ ኤስዲቢ እየተባሉ ይጠራሉ፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሲነሣ ቦታ ሊለዋወጡ ስለሚችሉ ባለሙያዎቹ የሚታመኑት በዲስኩ ላይ በተጻፈው ረጅም መለያ ነው። ለቤት ሰው ይህ ምን ያደርግለታል ብትሉ፣ ዊንዶውስ እንደ አዲስ ሲጫን ያደርግለታል። በዚያን ጊዜ በስክሪኑ ላይ የሚመጣው ዝርዝር ፊደል የለውም፤ «ዲስክ 0፣ ዲስክ 1» ብቻ ነው። ጫኙ ቸኩሎ ከተሳሳተ የሚጠፋው ዊንዶውሱ ሳይሆን የልጆቻችሁ ልጅነት ነው። ላፕቶፕ ለጥገና ስትሰጡ ኤክስተርናሉን ቤት ትታችሁ ሂዱ። ሁለት ዲስክ በውስጡ ያለው ኮምፒውተር ከሆነም መጠናቸውን በወረቀት ጽፋችሁ ለጫኙ ስጡት፤ «ትልቁን እንዳትነካ» ብላችሁ።

ከዚህ ሁሉ የምወደው ግን ስሙን ነው። «ማይ ኮምፒውተር» ወይም «ዚስ ፒሲ» ውስጥ ገብታችሁ ዲስኩ ላይ ቀኝ ጫን፣ «ሪኔም»፣ ከዚያ ስሙን መጻፍ። ይህ ስም እንደ ፊደሉ ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሆን ዲስኩ ራሱ ላይ ነው የሚጻፈው፤ የትም ቢሄድ ይከተለዋል። በአማርኛም ይቻላል። ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ ኮምፒውተሮች ያውቁታል፤ አንዳንድ ፍላሾች ብቻ ላይቀበሉት ይችላሉ። የእኛው «መንዝ» ተብሎ በግዕዝ ፊደል ተጽፎበታል። አባቴ ሳይቀር ያነበዋል።

ቪዲዮው ለሙት ዓመቱ ደረሰ። እንዲህ ላለው ጉዳይ ስትዘጋጁ ፕሮጀክቱን ሳይሆን ተጠናቅቆ አንድ ፋይል ሆኖ የወጣውን ይዛችሁ ሂዱ፤ እሱ የማንንም ፊደል አይጠይቅም። በደብረ ብርሃን አልፈን፣ ጣርማ በር ላይ ታጥፈን፣ በሞላሌ በኩል መሐል ሜዳ ገባን። ድንኳን ውስጥ አንሶላ ወጥረን አሳየን። እማማ መቁጠር ስትጀምር ጫጫታው ቆመ። ያቺ «ቆይ» ያለችበት ቦታ ላይ ስትደርስ፣ ከኋላ በርኖስ የደረቡ አንድ አዛውንት «አንድ ዘለለች» አሉ። ጎናቸው ያሉት «አልዘለለችም» አሉ። ክርክሩ እስከ ማታ ዘለቀ፤ አጎቴም ስልኩን አውጥቶ ክርክሩን ቀዳው። አሁን ሁለት ፋይል አለን። ሁለቱም በ«መንዝ» ውስጥ ናቸው። የዲስኩ ግልባጭም በሌላ ዲስክ ላይ ሆኖ መሐል ሜዳ አጎቴ ቤት ተቀምጧል፤ አንድ ዲስክ በሚገባ ስም ቢኖረውም ከወደቀ ይሰበራልና።

ይህን ያየች እናቴ የእሷን ወገን ፎቶ አሰባስባ ሌላ ዲስክ አስገዛችኝ። ስሙ ላይ ክርክር አልነበረም፤ «መርሐቤቴ»። ፊደሉ ላይ ግን ተጣላን። እሷም «ኤም» ነው የምፈልገው አለች። መርሐቤቴም እኮ በ«ኤም» ነው የሚጻፈው። አባቴ ደግሞ መንዝ፣ ማማ ምድር፣ ሞላሌ፣ መሐል ሜዳ እያለ ይቆጥርባታል፤ ሁሉም በ«ኤም»። ሁለቱ ዲስኮች አንድ ላይ ሲሰኩ አንድ ፊደል ለሁለት እንደማይሰጥ ብነግራቸውም የሚሰማኝ አልነበረም።

ዝርዝሩን ከፍቼ የቀሩትን ፊደሎች አሳየኋት። ከላይ፣ መጀመሪያ ላይ፣ «ኤ» ባዶውን ተቀምጧል። ፍሎፒ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ እሱንም መስጠት ይቻላል። «ዓለም ከተማ በዚህ ነው የሚጻፈው» አልኳት። ቀና ብላ ስክሪኑን አየች። «ከሲ ይቀድማል?» አለችኝ። ይቀድማል አልኳት። «ከኤምስ?» አለች፣ አባቴን ሰረቅ አድርጋ እያየች።